ሰብለን ማን ትጫወታት? ከጎጃም እስከ ስክሪን ያለው መንገድ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማነት ከመጣ ወዲህ በደብረ ማርቆስም፣ በባሕር ዳርም፣ በማኅበራዊ ሚዲያም ደጋግሞ የሚነሣ ክርክር አለ። ሰብለ ወንጌልን መጫወት ያለባት ማን ናት? መልኳስ፣ አነጋገሯስ እንዴት መሆን ነበረበት? ልብ ወለዱ ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ሰብለ በልቡ ስሎ ስለኖረ የትኛዋም ተዋናይት ሁሉንም ልታስደስት አትችልም፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ክርክሩ ግን ከመልክ አልፎ ሄዷል። «የዲማዋን ልጅ የጎጃም ልጅ ብትጫወታት ምን ነበረበት?» ተብሎ ተጠየቀ፤ እሱን ተከትሎ ደግሞ «ለመሆኑ የጎጃም ልጅ ተዋናይት የምትሆነው በየት በኩል ነው?» የሚለው መጣ።

ለዚህኛው ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች በአመዛኙ ሁለት ናቸው። አንዱ ወገን «ተሰጥኦ ካላት ከየትም ትነሣ፣ መንገድ አታጣም» ይላል። ሌላው «አዲስ አበባ ያሉት ተጠራርተው ነው የሚሠሩት፤ ለክፍለ ሀገር ልጅ በር አይከፍቱም» ይላል። ሁለቱም የእውነት ቁራጭ ይዘዋል። ነገር ግን ሁለቱም ትወናን እንደ አንድ ቀን ዕድል ያዩታል፤ ወይ ተገኘ፣ ወይ ተነፈገ። ትወና ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ የሚሠራው በብዙ ትንንሽ ዕድሎች መደራረብ ነው፤ መጀመሪያ የትምህርት ቤት መድረክ፣ ቀጥሎ ጥቂት የሚከፈልበት ትንሽ ሚና፣ ከዚያ ረዳት ገጸ ባሕርይ፣ ከዚያ ዋና። የጎጃም ልጅ ጉዳይ የሚገባን ይህን መሰላል ከታች እስከ ላይ ስናየው፣ የትኛው እርከን እንደ ተሰበረም ስንለይ ነው።

በወንድ አንደበት የኖረች ሴት

ሰብለ ወንጌልን እጅግ ብዙ ሰው ያወቃት በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ጉዱ ካሣንም፣ በዛብህንም፣ ሰብለንም ብቻውን ሆኖ በድምፁ ለይቶ ተጫውቷቸዋል። ትረካው ዛሬም እንደ አዲስ ይደመጣል፤ የተዋናዩ ብቃትም አያከራክርም። ሆኖም በአማርኛ ልብ ወለድ ከሁሉ የገነነችው የጎጃም ሴት ለአሥርት ዓመታት የተሰማችው በወንድ ድምፅ መሆኑ ለዛሬው ጥያቄ ትርጉም አለው። አድማጩ ሰብለ እንዴት እንደምታዝን ያውቃል፤ አንዲት የጎጃም ሴት በዚያው ሐዘን ውስጥ ስትናገር ግን በሬዲዮው አልሰማም።

ይህ የአንድ ትረካ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በዘመናዊው የኢትዮጵያ ቲያትር የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። እንደ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች መድረክ ሲወጡ ያጋጠማቸው የተመልካች አድናቆት ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በሕዝብ ፊት የምትዘፍን ወይም የምትጫወት ሴት በአንድ ቃል «አዝማሪ» ትባል ነበር። ቃሉ ደግሞ ሙያን ብቻ አልነበረም የሚገልጸው፤ ክብርን የሚነጥቅ ስድብም ነበር። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ያረፈችው አስናቀች ተዋናይትም፣ ክራር ደርዳሪም፣ ድምፃዊትም ሆና በዚያ ስም ሥር አልፋ ነው ስሟን የተከለችው።

ጎጃም ውስጥ ሴት ቃልን የምትመራባቸው ቦታዎች ግን ከቲያትር ቤት በፊትም ነበሩ። በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደው አልቃሽ የሟቹን ታሪክ፣ የቤተሰቡን ቅሬታ፣ የጎረቤቱን ውለታ በቅጽበት ግጥም አድርጋ ሰውን ታስለቅሳለች፤ ይህ ድምፅን፣ ትንፋሽን፣ የአካል እንቅስቃሴንና ፋታን አዋቅሮ የሚሠራ ክዋኔ ነው። በሠርግ ቤትም እንዲሁ። በቤተ ክህነት በኩል ደግሞ ወንዶች በሚበዙበት የቅኔ ጉባኤ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንበር ዘርግተው ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል። ስለዚህ «የጎጃም ሴት በሕዝብ ፊት ለመናገር ባህሏ አይፈቅድላትም» የሚለው አባባል ጥድፊያ ያለበት ነው። ባህሉ ቦታ ሰጥቷታል፤ ቦታው ግን ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ አልፎ አልፎም ጉባኤ ቤት ነበር። በሙያ ስም ደመወዝ የሚያስገኝ መድረክ ሌላ ነገር ነው።

መድረኩ ከዓባይ ማዶ ሲቀር

ሀገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ዓ.ም.፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈቱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍሉን በ1970 ዓ.ም. ጀመረ። የመጀመሪያው የአማርኛ የፊልም ድራማ «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሠራው በ1957 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ሁሉ የአዲስ አበባ ታሪኮች ናቸው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በመኪና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ተወርዶ፣ ድልድዩ ተሻግሮ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን ተወጥቶ። አውቶቡሱ በአንድ ቀን ያደርሳል። ለአንዲት የ18 ዓመት ልጅ ግን ርቀቱ የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ ያለ ደመወዝ ስንት ወር የቤት ኪራይ መክፈል ትችላለች በሚለው ነው።

ጎጃም የራሷ መሰላል ያልነበራት እንዳይመስል። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተደራጅተው ነበር፤ ወሎ ላሊበላን፣ ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን ይዘው ነበር። የግሽ ዓባይ ኪነት ስም ዛሬ በይበልጥ የሚነሣው ከሙዚቃ ጋር ነው፤ በኋላ በሀገር ደረጃ የታወቁ ድምፃውያን የወጡበት ስለሆነ። የአሠራሩ ነገር ግን ለትወናም ይጠቅመናል። ቡድኖቹ ከየአውራጃው ወጣት ወንዶችና ሴቶችን መልምለው፣ አሠልጥነው፣ በየከተማው እያዞሩ ያሳዩ ነበር። አንዲት የቡሬ ወይም የሞጣ ልጅ ወደ መድረክ ለመውጣት መጀመሪያ አገሯን መልቀቅ አልነበረባትም።

ይህን ዘመን እንደ ወርቃማ ዘመን መሳልም አይገባም። ቡድኖቹ የመንግሥት የቅስቀሳ ክንድ ነበሩ፤ ምን እንደሚዘፈንና ምን እንደሚተወን የሚወሰነው ከላይ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የክፍለ ሀገር ኪነቶች የተበተኑትም ወይም የተዳከሙትም አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሥርዓቱ ጋር ተሰፍተው ስለነበር ከሥርዓቱ ጋር ተቀደዱ። ሆኖም ከቅስቀሳው ጋር አብሮ የጠፋው የመጀመሪያው እርከን ነው። ባሕር ዳር የሚገኘው የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ከፊሉን ሸክም ተሸክሟል፤ ግን ይበልጥ የሚታወቀው በሙዚቃና በውዝዋዜ ነው፤ አንድ ማዕከል ደግሞ ከደጀን እስከ ዳንግላ ለተዘረጋ አገር አይበቃም።

ከዚያ በኋላ የጎጃም ወጣቶች ትወናን የቀመሱት በሦስት ቦታዎች ነው ማለት ይቻላል፤ በትምህርት ቤት ክበባት፣ በተለይ በ1990ዎቹ በየትምህርት ቤቱ በተስፋፉት የፀረ ኤድስ ክበባት አጫጭር ድራማዎች፤ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፤ እንዲሁም በሰንበት ትምህርት ቤቶች መንፈሳዊ ተውኔት። እነዚህ መድረኮች የሚናቁ አይደሉም። ልጅቷ ሰው ፊት መቆምን፣ ቃለ ተውኔት መያዝን፣ ጓደኛዋ መስመር ሲጠፋው ማዳንን የምትለምደው እዚያ ነው። ችግሩ ከ12ኛ ክፍል ጋር አብረው ማለቃቸው ነው። ቀጣዩ እርከን፣ ማለትም ጥቂት ብርም ቢሆን የሚከፈልበት ሥራ፣ በአካባቢው የለም።

ካስቲንግ፣ አነጋገርና «የገጠር ልጅ»

ካስቲንግ ማለት ለአንድ ገጸ ባሕርይ የሚስማማ ተዋናይ የመምረጥ ሥራ ነው። ኦዲሽን ደግሞ የምርጫው ፈተና፤ ተዋናይዋ አጭር ትዕይንት ተሰጥቷት በካሜራ ፊት የምትሞክርበት። በመርህ ደረጃ ኦዲሽን ለሁሉም ክፍት ነው። በተግባር ግን የአማርኛ ፊልም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተቀርጾ ማለቅ ያለበት፣ በጀቱ የተቆነጠረ ሥራ በመሆኑ አዘጋጁ አዲስ ሰው ለመፈተን ጊዜ የለውም። ከዚህ በፊት አብራው የሠራችን፣ ሰዓት የምታከብርን፣ ስልኳ የሚታወቅን ይጠራል። ይህ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም፤ አደጋን የመቀነስ ስሌት ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ የምትጠራው ቀድሞ የተጠራችው ናት። «ተጠራርተው ይሠራሉ» የሚለው ቅሬታ ልክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ሰዎች ክፋት ሲወስደው ግን ይስታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአነጋገር ጉዳይ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠውም ለዚህ ነው።

የአማርኛ ፊልምና ድራማ መደበኛ ቋንቋ የአዲስ አበባ አማርኛ ነው። ከጎጃም የመጣች ልጅ ኦዲሽን ላይ «ከዚያ» በማለት ፈንታ «ተዚያ» ወይም «ኸዚያ» ካለች፣ ወይም የዓረፍተ ነገሯ ዜማ በአገሯ ልማድ ከፍ ዝቅ ካለ፣ የከተማ ጠበቃ ወይም ሐኪም ሆና አትታሰብም። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዋ አነጋገሯን ማጥፋት ይሆናል። ወራት ይፈጅባታል፤ ይሳካላታልም። ሲሳካላት ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ትመሳሰላለች፤ ይዛው የመጣችውና ማንም ያልነበረው ሀብት ተሸርሽሮ ያልቃል። በኋላ አንድ የገጠር ታሪክ ሲጻፍ አዘጋጁ የገጠር አነጋገር የምትችል ተዋናይት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ልጅ «ገጠርኛ» እንድትኮርጅ ይደረጋል። የምትኮርጀው አነጋገር የጎጃም አይደለም፤ የወሎም፣ የሸዋም አይደለም። ከየአገሩ አንዳንድ ቃል ተለቅሞ የተሠራ፣ በሕይወት ያለ ማንም ሰው የማይናገረው ቋንቋ ነው። የጎጃም ተመልካች ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ «ይቺ የየት አገር ሰው ናት?» የሚለው ለዚህ ነው።

ታይፕካስቲንግ የሚባለውም እዚሁ ይገባል፤ አንድን ተዋናይ በአንድ ዓይነት ሚና ውስጥ ደጋግሞ መክተት ማለት ነው። የገጠር አነጋገር ያላት ሴት በአማርኛ ድራማ ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ወይ የምትታለል፣ ወይ የምታስቅ። ሚናው በራሱ ነውር የለውም። ሰብለ ተፈራ በ«ቤቶች» ተከታታይ ድራማ «ትርፌ» የተባለችውን የቤት ሠራተኛ ስትጫወት ሳቁ ከአነጋገሯ ብቻ አልነበረም የሚመነጨው፤ ትርፌ ነገር ታውቃለች፣ ትታዘባለች፣ ትመልሳለች። ተዋናይቷ በ2008 ዓ.ም. መባቻ በመኪና አደጋ ሕይወቷ ሲያልፍ ብዙ ሰው ያዘነው አንድ ዘመዱን እንዳጣ ሆኖ ነው። ያ ሥራ የሚያሳየው ሚናው ሳይሆን ጽሑፉና ተዋናይቷ ልዩነት እንደሚያመጡ ነው። ግን እንዲህ ዓይነት ብቃት በማይኖርበት ጊዜ የገጠሯ ሴት አነጋገር ራሱ ቀልድ ሆኖ ይቀራል፤ የምትናገረውን ሳይሆን የተናገረችበትን መንገድ ሰው ይስቅበታል።

ተቃራኒው አስተያየት ቀላል አይደለም። ትወና ማለት ያልሆኑትን መሆን ነው፤ የጎጃምን ሴት የጎጃም ሴት ብቻ ትጫወታት ከተባለ የጎጃሟ ተዋናይትም ከጎጃም ሴት በቀር ሌላ አትጫወት ማለት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ እስር ቤት ነው ይላሉ አንዳንድ ባለሙያዎች። ሐሳቡ ትክክል ነው። ሰብለን የአዲስ አበባ ልጅ ልትጫወታት ትችላለች፤ ወጋየሁም ወንድ ሆኖ ተጫውቷታል። የሚጎድለው የመለማመጃው ሥራ ነው። በሌላው ዓለም አነጋገርን ለተዋናይ የሚያሠለጥን ባለሙያ አለ፤ ከቀረጻው በፊት ለሳምንታት አብሮ ተቀምጦ ድምፅን፣ ዜማን፣ ፋታን ያርማል። በእኛ አገር ይህ ሥራ ብዙውን ጊዜ በበጀት ውስጥ ቦታ የለውም። የቢቸና ወይም የደብረ ወርቅ ሽማግሌና አሮጊት ለአንድ ወር አማካሪ ቢሆኑ የሚያወጣው ገንዘብ ከመብራትና ከካሜራ ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

በጎ ምልክቶችም አሉ። በአዜብ ወርቁ፣ በቤዛ ኃይሉና በቅድስት ይልማ የተጻፈው «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ሲታይ የገጠር ሕይወት ለማሳቂያነት ሳይሆን ለድራማነት ሊበቃ እንደሚችል፣ ተመልካቹም እንደሚከተለው አሳይቷል። የጻፉት ሦስት ሴቶች መሆናቸውም በአጋጣሚ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ሥራ

አንዲት ተዋናይት ለጥቂት ዓመታት በየፊልሙ ትታይና ድንገት ትጠፋለች። ተመልካቹ «የት ሄደች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወሬውም ይቀጥላል፤ አገባች፣ ተሰደደች፣ ታመመች። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በአከፋፈሉ ውስጥ አለ።

የአማርኛ ፊልም ተዋናይ የሚከፈለው በአመዛኙ በአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። ፊልሙ በሲኒማ ቤት ወራት ቢቆይም፣ በኋላ በሲዲ ቢሸጥም፣ ከዓመታት በኋላ በዩቲዩብ ሚሊዮን ጊዜ ቢታይም የተዋናይዋ ገቢ ያው የመጀመሪያው ነው። ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው በተጠቀመበት ቁጥር ለባለ ሙያው የሚደርስ ድርሻ፣ በውሉ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለ«ከዋኞች»፣ ማለትም ለዘፋኞች፣ ለተዋንያንና ለመሳሰሉት፣ የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ መብትን በጋራ ለማስተዳደር መንገድ ከፍቷል። ሙዚቀኞች ከዚህ ለመጠቀም ብዙ ተንቀሳቅሰዋል። የተዋንያን ነገር የሚከብደው አንድ ተዋናይ በምስልና ድምፅ ሥራ ውስጥ ለመግባት አንዴ ከፈቀደ በኋላ የመደራደር አቅሙ ወዲያው ስለሚሳሳ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃም ይህ የቆየ ክፍተት ነበር፤ የ1961 የሮም ስምምነት የፊልም ተዋንያንን መብት በዚሁ ነጥብ ላይ ገድቦት ስለነበር፣ ለእነሱ ተብሎ በ2012 ቤጂንግ ላይ ሌላ ስምምነት ተፈረመ፤ በሥራ ላይ የዋለውም በ2020 ነው፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሌላም አለ። ተዋናይት ብዙ ጊዜ ተቀጣሪ አይደለችም፤ ለአንድ ሥራ ውል የፈረመች ባለሙያ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ እናት የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ተዋናይዋ ግን ስትወልድ ፈቃድ የሚሰጣት የለም፤ ሥራው ብቻ ይቆማል። ስትመለስ ቦታዋን ሌላ ይዞታል፤ ዕድሜዋም ሁለት ዓመት ጨምሯል። ለወንድ ተዋናይ 40 ዓመት የአባትነት፣ የባለ ሥልጣንነት፣ የወንጀለኛነት ሚና መጀመሪያ ነው። ለሴት ግን በአማርኛ ፊልም በ«ፍቅረኛ» እና በ«እናት» መካከል ያለው ሰፊ ዕድሜ ባዶ ነው፤ የ35 ዓመት ሴት ታሪክ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ብዙዎች የሚጠፉት እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ከጎጃም ለመጣችው ይህ ሁሉ እጥፍ ይሆናል። የአዲስ አበባ ልጅ ሥራ ሲጠፋ ከእናቷ ቤት ትቆያለች። እሷ ግን ኪራይ ትከፍላለች። ስለዚህ ሁለት መጥፎ ፊልሞችን እምቢ ብላ አንድ ጥሩ የመጠበቅ አቅም የላትም፤ የመጣውን ትሠራለች፤ የሠራችው ደግሞ ስሟን ይቀርጻል።

ቴሌቪዥን ይህን ስሌት በተወሰነ ደረጃ ቀይሮታል። ተከታታይ ድራማ ወራትን የሚዘልቅ ሥራ ነው፤ ለተዋናይ ከደመወዝ ጋር የሚቀራረብ ነገር የምታገኝበት ብቸኛው መስክ እሱ ነው ማለት ይቻላል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ተክቶ፣ በሙያው አጠራር ደቢንግ አድርጎ፣ ማቅረብ ሲጀምር የጥበብ ሰዎች አጥብቀው የተቃወሙት ይህ ጠባብ መስክ ይወሰድብናል ብለው ነው። ተቃውሟቸው መሠረት ነበረው፤ በርካሽ የተገዛ፣ በከፍተኛ በጀት የተሠራ የቱርክ ድራማ ከአገር ውስጥ ሥራ ጋር በእኩል ሚዛን አይወዳደርም። በሌላ በኩል የድምፅ ተዋንያን ሥራ አግኝተዋል፤ የአገር ውስጥ አዘጋጆችም የምስልና የጽሑፍ ጥራታቸውን እንዲያስቡበት ግድ ሆኗል። ከሁለቱም ወገን ሲነገር ያልሰማሁት ሦስተኛ ውጤት አለ፤ የአናቶሊያ ገበሬም፣ የኢስታንቡል ባለ ሀብትም በአብዛኛው በአንድ ዓይነት የአዲስ አበባ አማርኛ ሲናገሩ፣ በስክሪን ላይ ተቀባይነት ያለው አማርኛ አንድ ብቻ ነው የሚለው ልማድ ይበልጥ ጠነከረ።

ዝና ማለት ሥራ ማለት አይደለም

«ድፍረት» የተሰኘው ፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። በ«ዳና» ተከታታይ ድራማ የምትታወቀው ሜሮን ጌትነት በፊልሙ የሕግ ባለሙያዋን መዓዛ አሸናፊን ስትጫወት፣ ትዕግሥትን የሚፈትነውን የተጠለፈችዋን ልጅ ሚና ትዝታ ሐገሬ ተጫውታለች። ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ዕለት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ በኋላም ታየ። ሽልማቱ የተዋናይቶቹን ፊት በዓለም አሳየ፤ ነገር ግን በአገር ውስጥ ከዚያ ዓይነት ፊልም በኋላ ሌላ ተመሳሳይ ሥራ የሚጠብቃት ተዋናይት የለችም፤ እንዲህ ያለ ፊልም በየዓመቱ አይሠራምና። ከገጠር የመጡ ወጣቶች አንድ ትልቅ ሚና ሁሉን ነገር ይለውጣል ብለው ሲያስቡ ሊነገራቸው የሚገባው ይህ ነው።

የቤተሰብ ፍርሃት

ስለዚህ ነጥብ አጭር እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ስለሚጋነን። የጎጃም ወላጅ ሴት ልጁን ወደ አዲስ አበባ ለትወና አልልክም ሲል ኋላ ቀር ነው ተብሎ ይታለፋል። ፍርሃቱ ግን የሚጨበጥ ነው። ሥራው በጽሑፍ ውል የማይጀመርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቀረጻ ሌሊት ይዘልቃል፤ ሚና ለመስጠት ሌላ ነገር የሚጠይቅ ሰው እንዳለ በሙያው ውስጥ ያሉ ሴቶች ራሳቸው ተናግረዋል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርገውም በገጠር ያለዕድሜ ጋብቻ አልጠፋም፤ ስለዚህ ትወና የምትፈልግ ልጅ የምትከራከረው ስለ ሙያ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሷ ጊዜ ጭምር ነው። ቤተሰብን የሚያሳምነው ስብከት አይደለም፤ ማኅተም ያለው ውል፣ የታወቀ የሥራ ቦታ፣ በስልክ የሚገኝ ኃላፊ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. በኋላ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀና የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሌላ መልክ ይዟል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ኦዲሽን ቀስ በቀስ ወደ ስልክ መጥቶ ነበር። አንዲት ልጅ ፍኖተ ሰላም ተቀምጣ የሁለት ደቂቃ ትዕይንት ቀርጻ በቴሌግራም ልትልክ፣ በቲክቶክ በራሷ አነጋገር ቀልድ ሠርታ ተመልካች ልታፈራ ትችል ነበር። የዓባይን በረሃ ሳይሻገሩ ለመታየት የተገኘው የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ መንገዱ ለረጅም ወራት ተዘጋ። ትምህርት ቤቶች በብዙ ወረዳዎች ሲዘጉ ደግሞ ክበባቱም፣ ሚኒ ሚዲያውም አብረው ዝም አሉ፤ የመሰላሉ የመጨረሻው ታችኛ እርከን ማለት ነው።

መንገድ በግጭት ሲቋረጥ የፊልም ቡድንም ወደ ጎጃም አይሄድም። ጢስ ዓባይ፣ ጣና፣ የጮቄ ተራራ፣ የዓባይ ሸለቆ ለካሜራ የተሠሩ የሚመስሉ ስፍራዎች ናቸው፤ ግን በሰላሙ ጊዜም ቢሆን የትራንስፖርቱና የአበሉ ወጪ ስለሚከብድ የጎጃም ታሪክ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ መቀረጹ የተለመደ ነበር። ቀረጻ ወደ አንድ ከተማ ሲመጣ ተመልካች ከሚያስበው በላይ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ለአጃቢ ተዋንያን ሥራ፣ ለአልባሳት አዘጋጅ ረዳት፣ ለአንድ ሁለት ወጣቶች ትንሽ ሚና። ሥራው ሲቀር እነዚህም ይቀራሉ። በአንጻሩ ከግጭቱ ሸሽተው አዲስ አበባ የገቡ ወጣቶች በዝተዋል፤ ከእነሱ መካከል ወደ ካሜራ ፊት የሚመጡ መኖራቸው አይቀርም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በስክሪን ላይ የጎጃም ልጆች በዝተው ቢታዩ የዕድገት ምልክት ብቻ አድርጎ ማንበብ ስሕተት ይሆናል።

ከየት ይጀመር?

በ2010 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የኢትዮጵያ ፊልም ፖሊሲ ፊልምን እንደ ኢንዱስትሪ እውቅና ሰጥቶታል። ከዚህ ተነሥተው በየክልሉ የፊልም ማሠልጠኛ ይከፈት የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ገበያው ያለበት አዲስ አበባ ስለሆነ ባሕር ዳር ላይ መቶ ተዋናይት አሠልጥኖ ሥራ ማሳጣት ነው ይላሉ። የሁለተኞቹ ሥጋት የሚናቅ አይደለም፤ ሥልጠና ያለ ሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ተጨማሪ አውቶቡስ ከመሆን አያልፍም።

እኔ ሚዛኑ የሚደፋው ወደ ሥራው ይመስለኛል፤ ያውም በጣም ርካሹ ወደ ሆነው። የሬዲዮ ድራማ ካሜራ አይፈልግም፣ አልባሳት አይፈልግም፣ መንገድ መዘጋቱም እንደ ፊልም አያቆመውም። በጎጃም አነጋገር የተጻፈ፣ በጎጃም ልጆች የተሠራ፣ ትንሽም ብትሆን በየሳምንቱ የምትከፈል ገንዘብ ያለው ተከታታይ ድራማ አንዲት ልጅ አነጋገሯን ሳትጥል ሁለት ሦስት ዓመት እንድትሠራ ያስችላታል። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ብትሄድም የምትሄደው ልምድ ይዛ፣ ድምፅዋን የሚያውቅ አድማጭ ይዛ ነው፤ ኦዲሽን ላይ ስትቀርብም ስልኳ የማይታወቅ እንግዳ አትሆንም። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት ባሕር ዳር ነው፤ ሬዲዮም፣ ስቱዲዮም አለው። ወጋየሁ ንጋቱ ሰብለን የተጫወታት በአንድ መጽሐፍና በአንድ ማይክሮፎን ነበር።